ቁልፉ ከእጃችሁ ከመወሰዱ በፊት፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ለምትነዱ ወጣቶች

በተሽከርካሪ ስምሪት ሥራ ላይ ረጅም ዓመታት አሳልፌያለሁ። ለብዙ ወጣት ሠራተኞች የመጀመሪያውን የመኪና ቁልፍ በፊርማ ያስረከብኩት እኔ ነበርኩ፤ ከአንዳንዶቹም መልሼ የተቀበልኩት እኔው ነኝ። ማስረከቡ ደስ ይላል፤ መቀበሉን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ይህን የምጽፍላችሁ፣ ቁልፍ ከመለሱልኝ ወጣቶች አብዛኞቹ ጎበዝ ነጂዎች ስለነበሩና ፈቃዳቸውን ያጡትም መንዳት ስላቃታቸው ሳይሆን መናገር የነበረባቸውን ነገር በጊዜው ባለመናገራቸው መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ሁለት ፈቃዶችን ለዩ። በኪሳችሁ ያለው መንጃ ፈቃድ በመንግሥት የተሰጠ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ለመንዳት ብቁ መሆናችሁን ይመሰክራል። የአሠሪያችሁን ተሽከርካሪ የመንዳት ፈቃድ ግን ሌላ ነው፤ አሠሪው አምኖባችሁ ይሰጣል፣ በደንቡ መሠረትም ያነሣል። መንጃ ፈቃዳችሁ ሲታገድ፣ ሲሰረዝ ወይም ሳይታደስ ጊዜው ሲያልፍ የአሠሪው ፈቃድም አብሮ ያበቃል፤ ደብዳቤ እስኪደርሳችሁ አይጠብቅም። በአንጻሩ መንጃ ፈቃዳችሁ ምንም ሳይጎድለው የመሥሪያ ቤቱን መኪና እንዳትነዱ ልትከለከሉ ትችላላችሁ። ብዙ ወጣቶች ይህን እንደ በደል ሲቆጥሩት አይቻለሁ፤ ነገር ግን ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት በብዙ አገሮች ሕግ አሠሪው አብሮ ይጠየቃል፤ ነጂው ብቁ አለመሆኑን እያወቀ ቁልፍ የሰጠ አሠሪ ደግሞ ለራሱ ጥፋት ይጠየቃል። ስለዚህ አሠሪው ከመንገድ ሕጉ የጠበቀ ደንብ ቢያወጣ ሊደንቃችሁ አይገባም።

ያለ ማስጠንቀቂያ ቁልፍ የሚያስወስዱ ጥፋቶች ጥቂት ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤትም ብዙ አይለያዩም። ጠጥቶ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ መንዳት፣ አደጋ አድርሶ መሸሽ፣ ላልተፈቀደለት ሰው መሪ መስጠት እና በታገደ መንጃ ፈቃድ መንዳት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ለአብዛኛው ነጂ ከ0.05 ግራም፣ ለወጣትና ለጀማሪ ነጂ ደግሞ ከ0.02 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ብዙ አሠሪዎች ግን ወሰኑን ዜሮ ያደርጉታል፤ በመሆኑም የሕጉን ልክ አላለፍኩም የሚለው መልስ በፖሊስ ፊት ቢያገለግላችሁ እንኳ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ፊት አያድናችሁም። ማታ የተጠጣው አልኮል ጠዋት ቁልፍ በምትቀበሉበት ሰዓት ከደማችሁ ላይወጣ እንደሚችልም አስቡ፤ ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ዝግተኛ ፍጥነት ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያፋጥነውም።

አንድ ወጣት ባልደረባ ነበረኝ፤ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ፣ መኪናውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ። በእረፍት ቀኑ፣ በራሱ መኪና፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱ ለሦስት ወር ታገደ። ጥፋቱ በግል ጊዜዬና በግል መኪናዬ ስለተፈጸመ መሥሪያ ቤቱን አይመለከተውም ብሎ አሰበ፤ ሰኞ ጠዋትም እንደ ወትሮው ፈርሞ ቁልፍ ተቀበለ። በሁለተኛው ሳምንት ቆሞ ሳለ ሌላ መኪና ከኋላ ገጨው። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ነገር ግን ፖሊስ መንጃ ፈቃድ ጠየቀ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወጣ። ደንባችን በየትኛውም መኪና በተፈጸመ ጥፋት መንጃ ፈቃድ ቢታገድ ወዲያውኑ እንዲነገር ያዝዝ ነበር፤ እሱም ይህንኑ አንብቦ ፈርሞበታል። በጊዜው ነግሮን ቢሆን ኖሮ ሦስቱን ወር በሌላ ሥራ አሳልፎ ቁልፉን መልሶ ይቀበል ነበር። ስላልነገረን ግን ፈቃዱን ለዘለቄታው አጣ፤ ውሳኔውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እፈርማለሁ፤ ሐዘኑ ግን ከእኔ ጋር አለ።

ትንሽ ጭረትንና ትንሽ ግጭትን መደበቅም ከዚህ አይለይም። ብዙ ደንቦች ማንኛውም ጉዳት በዚያው ቀን ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነገር ይጠይቃሉ፤ ይህም ለቁጥጥር ብቻ ተብሎ አይደለም። የጎማ ጠርዝ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል፤ ያንን መኪና ነገ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ እሱም በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ጎማው ቢፈነዳ የእናንተ ዝምታ ዋጋ የሚከፈለው በእሱ ሕይወት ነው። ለኃላፊዎችም ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ፦ ለእያንዳንዷ ጭረት ደመወዝ የሚቆርጥ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን መደበቅ ያስተምራቸዋል። ይህ ግን ለእናንተ ማመካኛ አይሆንም።

ከዚህ ሌላ ቀስ በቀስ እየተጠራቀሙ ፈቃድ የሚያሳጡ ጥፋቶች አሉ፤ መኪናውን ያለ ፈቃድ ለግል ጉዳይ ማዋል፣ ከስምሪት ወረቀቱ ውጪ ሰው መጫን፣ የጉዞ መዝገብን በግምት መሙላት፣ ቀበቶ አለማሰር፣ እየነዱ ስልክ መነካካት። ዛሬ ጂፒኤስ ብዙውን ስለሚያሳይ ክርክሩ አጭር ነው። ስለ ስልኩ አንድ ስሌት ብቻ ልጨምር፦ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ 44 ሜትር ይጓዛል፤ መልእክት ለማየት ዓይናችሁን ለዚያች ጊዜ ዝቅ ካደረጋችሁ ያን ሁሉ መንገድ ሳታዩ ነድታችሁታል ማለት ነው።

ያለ ጥፋት ፈቃድ የሚታጣበትም ጊዜ አለ፤ ወጣቶች በጣም የሚያፍሩት በዚህ በመሆኑ ጥቂት ልቆይበት። የሚጥል ሕመም፣ የዓይን ብርሃን መቀነስ፣ ቀን በቀን እንቅልፍ የሚያስይዝ የአተነፋፈስ ችግር፣ እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት፣ እነዚህ ሁሉ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ከመሪ ሊያርቋችሁ ይችላሉ። ድካምም እንደዚሁ ነው፤ 17 ሰዓት ያህል ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ንቃቱ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 0.05 ግራም አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ራሳችሁ ቀድማችሁ ዛሬ መንዳት አልችልም ብትሉ ማንም ጥፋተኛ አይላችሁም፤ የሚላችሁ አለቃ ቢኖር ስህተቱ የእሱ ነው። ፍሬኑ የላላ ወይም ጎማው ያለቀ መኪና ሲሰጣችሁም አልወስድም ማለት ትችላላችሁ፤ ምክንያቱን ግን በጽሑፍ አስፍሩ።

ፈቃዳችሁ የተነሣ እንደሆነ ደግሞ ምክንያቱን፣ የተመሠረተበትን የደንብ አንቀጽ እና የሚቆይበትን ጊዜ በጽሑፍ ጠይቁ። እገዳ ጊዜ አለው፤ ስረዛ የለውም፤ የትኛው እንደደረሰባችሁ በግልጽ ይነገራችሁ። የይግባኝ ቀን ካለ እንዳያመልጣችሁ፤ ተጨማሪ ሥልጠና ወይም የመንዳት ፈተና ለመመለሻ የተቀመጠ መሆኑንም አጣሩ። መንዳት የሥራ መደባችሁ ዋና ግዴታ ከሆነ ጉዳዩ እንጀራችሁን ስለሚነካ የቅጥር ውላችሁን እንደገና አንብቡ። በእገዳው ጊዜ አለቃችሁ ራሱ አንዲት ዕቃ ብቻ አድርሰህ ተመለስ ቢላችሁ እንኳ እንቢ በሉ፤ ያቺ አንዲት ጉዞ እገዳውን ወደ ስረዛ ትቀይረዋለች።

ቁልፉን ስትመልሱ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ከተረካቢው ጋር መኪናውን ዞራችሁ እዩ፤ የቆጣሪውን ኪሎ ሜትር፣ የነዳጁን መጠን፣ ያለውን ጭረት ሁሉ መዝግቡ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።