የገጠር ልማት ድርጅት እንዴት ይደግ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ብዙ ዓመት የሠራሁት ከገጠር ልማት ድርጅቶች ጋር ነው። ስለ ድርጅት ማደግ የጠየቃችሁኝን በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሦስት መንደሮች ጥሩ ሠርተናል። ለጋሾች ወደ ሃያ እንድናሰፋ እየወተወቱን ነው። ዝግጁ መሆናችንን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ከአንዱ መንደር ለስድስት ወር ውጡ። ሲደውሉላችሁ አንሱ፣ መኪና ግን አትላኩ። ስትመለሱ ፓምፑ ውሃ ከሰጠ፣ የቁጠባ ቡድኑ መሰብሰቡን ካላቋረጠ፣ መዝገቡ በእነሱ እጅ ከተሞላ ዝግጁ ናችሁ። ሁሉም እናንተን ሲጠብቅ ከቆየ ግን አትቸኩሉ። ሃያ መንደር ብትገቡ ሃያውም እናንተን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ በጣም ሰፍቶ ጥራቱን ያልጣለ ድርጅት አለ?

መልስ፦ ብራክን እዩ። ፋዝሌ ሃሰን አቤድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባንግላዴሽ ውስጥ የመሠረተው ድርጅት ነው። ለንደን የነበረውን ቤት ሸጦ፣ ሱላ በተባለ ራቅ ያለ አካባቢ ከስደት የተመለሱ ሰዎችን በመርዳት ጀመረ።

እኔን የሚገርመኝ የተቅማጥ ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ ሠራተኞቻቸው ቤት ለቤት እየሄዱ፣ የታመመ ልጅ የሚጠጣውን የጨው፣ የስኳርና የውሃ ድብልቅ አሠራር ለእናቶች አስተማሩ። ክፍያው በተጎበኘው ቤት ብዛት ብቻ አልነበረም። በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ እናቶቹን ይጠይቃል። ትምህርቱ በደንብ ከገባቸው የሠራተኛዋ ክፍያ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ላይ ግን እናቶቹ እያወቁት ብዙዎቹ አልተጠቀሙበትም። ሲጣራ፣ ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው ያላመኑበት ተገኙ! ድርጅቱ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ወረዳ አልሮጠም። ሠራተኞቹን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንደገና አስተማረ፣ የመንደሩን ወንዶችም አነጋገረ። በመጨረሻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ደረሱ። ቁጥሩን ሁሉም ያነሳዋል። እኔ ግን ቆም ብለው ያረሙበትን ጊዜ ነው የማከብረው።

ጥያቄ፦ ለመንደሩ ሰው የምናበድረው ገንዘብ የለንም። ቁጠባ ብቻውን ያዋጣል?

መልስ፦ እንዴታ! ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ይህንን ከሴቶች ጋር ጀመረው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት አካሄድ እንዲህ ነው። ከ15 እስከ 25 ሰው ይሰባሰባል። የራሳቸውን ገንዘብ ያጠራቅማሉ፣ እርስ በርስ ይበደራሉ፣ ዓመት አካባቢ ሲሞላ ከነወለዱ ይከፋፈላሉ። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ የሚቀመጡት በተለያዩ ሰዎች ዘንድ ነው። ከውጭ ብር ስለማይገባበት የሚያሳስባቸው የራሳቸው ገንዘብ ነው። ደግሞም የሠለጠነች አንዲት ሴት ጎረቤት መንደር ሄዳ ልታቋቁመው ትችላለች። ድርጅቱ ሳይደርስ ሥራው ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ከከተማ ይምጣ ወይስ ከመንደሩ?

መልስ፦ የመስክ ሠራተኛ ከመንደሩ። የሂሳብ ሰው ከየትም ይምጣ፣ ብቻ ጎበዝ ይሁን።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለት ፓምፕ ተከልን። አምስቱ ቆመዋል። የእኛ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከሦስት የእጅ ፓምፕ አንዱ ገደማ የማይሠራባቸው ጊዜያት ነበሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከተከላው በኋላ ነው። በፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ ሲያልቅ ማን ይቀይራል? መለዋወጫው በእግር በሚደረስበት ቦታ ይሸጣል? የውሃ ኮሚቴው ያጠራቀመው አለ?

ፕሌይፓምፕ የሚባለውን አስታውሱ። ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱ ውሃ የሚስብ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ሰውን ሁሉ ማረከ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአፍሪካ 4,000 ለመትከል ታቀደ፣ ብዙ ገንዘብም ተሰበሰበ። ልጆቹ ግን ቀኑን ሙሉ አይጫወቱም። በየቦታው ሴቶች ከባዱን መሽከርከሪያ በእጃቸው ሲገፉ ታዩ፣ ሲበላሽም ጠጋኝ ጠፋ። ዕቅዱ ሳይሞላ ቆመ። እናንተም ቀጣዩን ከመትከላችሁ በፊት አምስቱን አስነሱ።

ጥያቄ፦ ለጋሾች የቢሮ ወጪ አንሸፍንም ይሉናል።

መልስ፦ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ኦዲትና ነዳጅ የሥራው አካል ናቸው። በጀቱ ውስጥ በግልጽ ጻፏቸው። ደብቃችሁ ከሌላ ርዕስ ብትወስዱ አንድ ቀን ያጋልጣችኋል። ከበጀታችሁ ግማሹ ከአንድ ለጋሽ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሁለተኛ መፈለግ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ መሥራቻችን ጥሩ ሰው ናቸው። ግን ያለሳቸው ፊርማ ምንም አይንቀሳቀስም።

መልስ፦ ይህ የኔም ቁስል ነው። የሠራሁበት አንድ ድርጅት መሥራቹ ሲታመሙ አራት ወር ደመወዝ አልከፈለም። ገንዘቡ ባንክ ነበር። ሌላ ፈራሚ ግን አልነበረም። በጣም የምወዳቸው ሁለት የመስክ ሠራተኞች ያን ጊዜ ለቀው ሄዱ። በአክብሮት አነጋግሯቸው። መጀመሪያ ሁለተኛ ፈራሚ ይሾሙ፣ ቦርዱም በየጊዜው ይሰብሰብ።

ጥያቄ፦ ጨርሰን የወጣንበት መንደር ፓምፑ ተሰብሮ ቢደውልልን እንሂድ?

መልስ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። የሠለጠነው ጠጋኝ አይቶታል? ምን ጎደለው? መለዋወጫ ከሆነ የሚሸጥበትን ንገሯቸው፣ በራሳቸው ገንዘብ ይግዙ። ጠጋኙ መንደሩን ለቆ ከሄደ ግን ሂዱ፣ ሌላ ሁለት ሰው አሠልጥኑ። በዚህኛው ዙር አንዷ ሴት ትሁን፤ ውሃው ሲጠፋ መጀመሪያ የምትቸገረው እሷ ናት።