ጥያቄና መልስ፦ ባሕር ያቀላው ቃል

“ኢንካርናዳይን” የሚለውን ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃል የተመለከተ ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ጥያቄ፦ የሼክስፒርን ተውኔት ማክቤዝን ሳነብ አገኘሁት። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ እዚያ ቦታ ላይ ግስ ነው፤ ማቅላት፣ ደም ማስመሰል። ሁለተኛው ገቢር፣ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ማክቤዝ ንጉሥ ዱንካንን ገድሎ እጁን ያያል። የባሕር አምላክ የኔፕቱን ውቅያኖስ ሁሉ ይህን ደም ያነጻው እንደሆነ ይጠይቅና፣ የለም፣ እጄ ራሱ ባሕሮችን ሁሉ ያቀላቸዋል ይላል። ሚስቱ ደግሞ ጥቂት ቆይታ “ትንሽ ውሃ ይበቃናል” ትለዋለች!

ጥያቄ፦ ቃሉን የፈጠረው ሼክስፒር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከጣልያንኛ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ቅጽል ነበር፤ የሥጋ መልክ ያለው፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ማለት ነው። ሥሩ “ሥጋ” የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ እኛ ሥጋዌ የምንለውን እንግሊዞች የሚጠሩበት ቃልም ከዚያው ይወለዳል። ሼክስፒር ቅጽሉን ግስ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ራሱ ከሮዝነት ወደ ደም ቀይነት አደላ።

ጥያቄ፦ ተራውን “ቀይ” ለምን አልተጠቀመም?

መልስ፦ ተጠቅሟል እንጂ! “መልቲቱዲነስ” (እልፍ፣ ብዙ) እና “ኢንካርናዳይን” የተባሉት ሁለት ረጃጅም ቃላት አንዱን መስመር ሞልተው ያጥለቀልቁታል። ቀጥሎ፣ አረንጓዴው ባሕር ቀይ ሲሆን፣ አረንጓዴ፣ አንድ፣ ቀይ የሚሉት አጫጭር ቃላት እንደ መዶሻ ይወርዳሉ። ከባዱን ቃል ያልያዘ ተመልካችም ፍቺውን እዚያው ያገኛል። ለእኔ ከቴአትሩ መስመሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ “አንድ” የሚለውስ ከአረንጓዴው ነው ወይስ ከቀዩ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1623 የታተመው ቅጂ ኮማውን ከ“አንድ” በኋላ ስላደረገው፣ ከአረንጓዴው ጋር ይነበባል፤ “አረንጓዴውን ባሕር ቀይ” እንደ ማለት። የዛሬ አዘጋጆች በአብዛኛው ኮማውን አንስተው “አንድ ወጥ ቀይ” ይሉታል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ እልፍ ባሕሮች ብሎ የጀመረ ሰው አንድ ቀይ ብሎ ቢጨርስ ያምራል።

ጥያቄ፦ ከሼክስፒር ሌላስ?

መልስ፦ ኤድዋርድ ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው፣ የፋርሱ ባለቅኔ የዑመር ኻያም ሩባያት (ባለ አራት ስንኝ ግጥሞች) ትርጉም ውስጥ አለ። የሌሊቷ ዘማሪ ወፍ የጽጌረዳዋ ቢጫ ጉንጭ እንዲቀላ “ወይን! ወይን!” እያለች ትጮኻለች። ደም የለበትም።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ በምጽፈው ልብ ወለድ የጀምበር መጥለቂያን ልገልጽበት?

መልስ፦ ይቅርብዎ። አንባቢው ሬሳውን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ መጨረሻው “ዳይን” ነው “ዲን”?

መልስ፦ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይቀበላሉ።