ሲስተሞቻችን ለምን አይነጋገሩም? ስለ ክላውድና ስለ ኢንቴግሬሽን ለጠየቃችሁኝ

ሥራዬ የአንዱን ክፍል ሶፍትዌር ከሌላው ጋር ማነጋገር ነው፤ ኢንቴግሬሽን የሚባለው ይህ ነው። ሰሞኑን ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ፣ በቻልኩት መጠን ቀለል አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ክላውድ ማለት በቃ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ግማሹ። ዳታህ የሆነ ከተማ ውስጥ፣ የሆነ ሕንፃ ውስጥ፣ የሆነ ዲስክ ላይ ነው ያለው። ልዩነቱ የሚከራይበት መንገድ ላይ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የክላውድ ትርጓሜ አምስት መለያዎች አስቀምጧል። ተጠቃሚው ራሱ ያዛል፤ በኔትወርክ ይደርሰዋል፤ ሀብቱ የጋራ ነው፤ እንደ ፍላጎት ይሰፋል፣ ይጠባል፤ አጠቃቀሙም ይለካል።

እኔ በሁለት ጥያቄ ነው የምፈትነው። እኩለ ሌሊት ላይ ተጨማሪ ማሽን ብፈልግ ማንንም ሳልለምን አገኛለሁ ወይ? ጠዋት ስመልሰው ሂሳቡ ይቆማል ወይ? ደብዳቤ ጽፈህ ሁለት ሳምንት የምትጠብቅ ከሆነ ሰርቨር ተከራይተሃል እንጂ ክላውድ ላይ አልወጣህም።

ጥያቄ፦ አያስ፣ ፓስ፣ ሳስ የሚባሉትን የክላውድ አገልግሎት ዓይነቶች ሁሌ እሸመድዳለሁ፣ ሁሌ ይጠፉብኛል።

ሠርግ እያሰብሽ ያዣቸው።

ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ተከራይተሽ ቀሪውን ራስሽ ከደገስሽ እሱ አያስ ነው። ኢንፍራስትራክቸር ብቻ ትከራያለሽ። አማዞን በ2006 እ.ኤ.አ. ማሽን በሰዓት 10 ሳንቲም፣ ማለትም የዶላር ሳንቲም፣ ማከራየት ሲጀምር ያቀረበው ይህን ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መጫን፣ ማደስ፣ መጠበቅ ያንቺ ሥራ ነው።

ማብሰያው፣ ውሃው፣ መብራቱና ጽዳቱ የተሟላለት አዳራሽ ይዘሽ፣ የራስሽን ወጥ ሠሪ ብቻ ይዘሽ ከገባሽ ፓስ ነው። ኮድሽን ታመጫለሽ፤ ሰርቨሩን አታዪውም። ጎግል በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው አፕ ኢንጂን የዚህ ዓይነት ነው።

ሆቴል ሄደሽ "300 ሰው ነው፣ ይህን ይህን አቅርቡልኝ" ብለሽ በሰው ቁጥር ከከፈልሽ ሳስ ነው። ያለቀለትን ሶፍትዌር ትጠቀሚያለሽ እንጂ ምንም አትሠሪም። በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ የደንበኛ መከታተያ ሶፍትዌር የሚያቀርበው ሴልስፎርስ በዚህ መንገድ ነው የታወቀው። ጂሜይልም እዚሁ ይመደባል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በይ። በሦስቱም ሠርግ የጥሪ ወረቀቱን የምትበትኚው አንቺ ነሽ። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለውን ሆቴሉ አይወስንልሽም። ክላውድ ላይም የተጠቃሚ ፈቃድ፣ ፓስወርድና ዳታው ራሱ ሁልጊዜ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ያየኋቸው አብዛኞቹ ጉዳቶች የደረሱት እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ከለቀቀ ስድስት ወር ሆኖት አካውንቱ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ 15 ሠራተኛ ያለኝ አስመጪ ነኝ። የትኛውን ልጠቀም?

ሳስ። ሌላውን ይርሱት። ኢሜይልም ይሁን ሂሳብ የራስዎን ሰርቨር የሚያስገዛዎት ምክንያት አይታየኝም። አንድ ነገር ብቻ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፦ "ነገ ብለቅ ዳታዬን በሙሉ በምን ዓይነት ፋይል ትሰጡኛላችሁ?" ጥርት ያለ መልስ ካላገኙ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። የካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ራጅ፣ ሂሳብና ኢንሹራንስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው። ታካሚው ወረቀት ይዞ ይዞራል። ሁሉንም ወደ ክላውድ ብናወጣቸው ይገናኛሉ?

አይገናኙም። ይህን ጥያቄ ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ የተሳሳተ ተስፋ ነው። እዚህ የማይነጋገሩ ሲስተሞች እዚያም አይነጋገሩም። ቦታ ነው የቀየሩት፣ ቋንቋ አልተማሩም።

ማገናኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስድስቱን ሲስተሞች እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በቀጥታ ላገናኝ ቢሉ 15 መስመር ያስፈልግዎታል። ነገ አራት ቢጨመሩና አሥር ቢሆኑ 45 ይሆናል። ፋርማሲው ሶፍትዌሩን ባሻሻለ ቁጥር የስንቱ መስመር እንደሚበጠስ ያስቡት።

ስለዚህ መሃል ላይ አንድ አገናኝ ይቀመጣል። ቀድሞ ሰርቪስ ባስ የሚባለው ነበር የሚመረጠው፤ ሁሉም መልእክት በእሱ በኩል ያልፋል፣ እሱ ይተረጉማል፣ ያከፋፍላል። ጥሩ ነበር፤ ግን ሁሉም ዕውቀት እዚያ ሲከማች እሱን የሚያውቀው አንድ ሰው እረፍት ሲወጣ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ዛሬ እያንዳንዱ ሲስተም የራሱን ኤፒአይ ማለትም በግልጽ የተጻፈ መጠየቂያ በር ይከፍታል፤ መሃሉ ቀለል ይላል። አገናኙን ራሱን በክላውድ መከራየትም ይቻላል። ሴልስፎርስ በ2018 እ.ኤ.አ. ሙልሶፍት የተባለውን ኩባንያ የገዛው ለዚሁ ሥራ ነው።

ምርቱን ከመምረጥዎ በፊት ግን ስድስቱን የክፍል ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡልኝ። ጥያቄው አንድ ነው፦ የታካሚው የልደት ቀን በሁለት ቦታ ቢለያይ የማን ትክክል ነው? የካርድ ክፍል ከተባለ ሌሎቹ ያነባሉ እንጂ አይጽፉም። ይህን ስምምነት የሚሸጥልዎት ኩባንያ የለም። የመድኃኒት አለርጂው በአንዱ ሲስተም ተመዝግቦ በሌላው ሳይታይ ሲቀር የሚጎዳው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው፤ ለዚህ ነው ስምምነቱን አጥብቄ የምለምንዎት።

ጥያቄ፦ ደንበኛችን አንዴ ከፍሎ ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት። "የኔትወርክ ችግር ነው" አሉን። ይህ መልስ ነው?

መልስ አይደለም። ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን አውቆ መሠራት ነበረበት።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሲስተማችሁ "1,850 ብር ቁረጥ" ብሎ ላከ። ደረሰ፣ ተቆረጠ። "ቆርጫለሁ" የሚለው ምላሽ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። ላኪው ምላሽ ስላጣ ድጋሚ ላከ። ተቀባዩ አዲስ ትእዛዝ መስሎት ደገመው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ላኪው ለእያንዳንዱ ክፍያ ገና ከመላኩ በፊት የማይደገም ቁጥር ይስጥ። አሥር ጊዜ ቢልክ ያው ቁጥር ነው። ተቀባዩ ቁጥሩን መዝግቦ ይያዝ፤ ሁለተኛ ካየው ሳይቆርጥ የመጀመሪያውን መልስ ይመልስ። ከማንም ጋር የክፍያ ውል ከመግባታችሁ በፊት ይህ መኖሩን ጠይቁ። ማታ ማታም የሁለቱን ወገን መዝገብ የሚያስታርቅ ሰው ወይም ፕሮግራም ይኑራችሁ።

ጥያቄ፦ እዚህ አገር ሲስተም ስታገናኙ ከሌላው ዓለም የተለየ ምን ያጋጥማችኋል?

ቀን! ይህን ቆም ብዬ ልንገራችሁ።

አንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር፣ የደመወዝ ሶፍትዌሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ያገናኘናቸው እኛ ነን። አንዲት ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ አልገባላትም። ሄጄ ሎጉን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩት። የተቀጠረችበት ቀን 03/13/2010 ይላል። ጳጉሜን 3 ነው። የደመወዙ ሶፍትዌር አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ፋይሏን በየማታው ይጥለዋል፣ ለማንም ሳይናገር።

የእሷ ወዲያው ተገኘ። የከፋው በጸጥታ የሚያልፈው ነው። መስከረም 5 ቀን 2011 የተቀጠረው ባልደረባዋ 05/01/2011 ተብሎ ተላከ። ሶፍትዌሩ ጃንዋሪ 5፣ 2011 ብሎ ተቀበለው። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 15፣ 2018 ነበር። ሰውየው በአንድ ሌሊት ከሰባት ዓመት በላይ አገልግሎት ተጨመረለት። የዓመት እረፍቱም አብሮ አደገ።

ከዚያ በኋላ ያልተውኩት ልማድ አለ። በሲስተሞች መካከል የሚያልፍ ቀን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይለፍ፤ ለሰው ሲታይ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ይታይ። መለወጫው አንድ ቦታ ይጻፍ እንጂ እያንዳንዱ ፕሮግራመር የየራሱን አይጻፍ። መፈተኛ ቀኖቹም እነዚህ ይሁኑ፦ ጳጉሜን 6፣ መስከረም 1፣ ጥቅምት 30። የመጨረሻው ለምን? ሁለተኛ ወር ስለሆነ፣ ሳይለወጥ ከተላከ ፌብሩዋሪ 30 ይሆናላ! ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለሰርቨሩ 8 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው የምኖረው። እዚህ ሰነድ ላይ የመጨረሻ ስሜ የአያቴ ስም ነው፣ አገር ቤት ደግሞ በአባቴ ስም ነው የምጠራው። ሲስተሞች አንድ ሰው መሆኔን እንዴት ያውቃሉ?

በስም ብቻ ከሆነ አያውቁም። የፈረንጅ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ እኛ የለንም። በዚያ ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም አምስት ዓይነት ይሆናል። በራሳችን ፊደልም ቢሆን ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሲስተሞች ሲገናኙ ማሰሪያው ቁጥር መሆን አለበት። አገር ውስጥ የፋይዳ ማለትም የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር ለዚህ ትልቅ ዕድል ነው። ስልክ ቁጥርን ግን ማሰሪያ አታድርጉ፤ ሰው ይቀይረዋል፣ ባልና ሚስትም በአንድ ይመዘገባሉ።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌራችንን አውሮፓ ወዳለ ክላውድ አወጣነው፣ ዳታቤዙን ለጥንቃቄ ቢሮ አስቀረነው። አሁን አንድ ገጽ ለመክፈት ዘላለም ይፈጃል። ማሽኑን እናሳድገው?

ገንዘባችሁን አታባክኑ። ችግሩ ርቀት ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) በታች ሊሆን አይችልም፤ ኬብሉ በባሕር ዞሮ ስለሚሄድ በተግባር ይጨምራል። 100 ነው እንበል። አንዱ ገጻችሁ ዳታቤዙን ተራ በተራ 40 ጊዜ ቢጠይቅ 4 ሰከንድ ሄደ።

ሶፍትዌሩንና ዳታቤዙን አንድ ቦታ አድርጓቸው፤ ሁለቱም እዚያ ወይም ሁለቱም እዚህ። ከአውሮፓ ውጭም አማራጭ አለ። ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጎግል በ2024 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የክላውድ ማዕከል ከፍተዋል። ከመምረጣችሁ በፊት ግን ከራሳችሁ ቢሮ ለኩት፤ ካርታ ላይ የሚቀርበው ሁሌ በኬብል አይቀርብም።

ጥያቄ፦ የደንበኛ ዳታ ውጭ አገር ማስቀመጥ ይቻላል?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ድንበር ስለሚሻገር ዳታ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። የሕግ ባለሙያ ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ አንብቡት። ፕሮግራመር ብቻውን የሚወስነው ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ክላውድ ርካሽ ነው ተብለን ገባን፣ አሁን ክፍያው አንቆናል።

ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በወር 300 ዶላር የሚከፍል ድርጅት አንድም ማሽን ሳይጨምር ከ17,000 ብር ወደ 30,000 ብር ተሻገረ ማለት ነው። ቋሚ የሆነ፣ ቀን ከሌት እኩል የሚሠራ ሲስተም ካላችሁ በብር የሚከፈልበትን የአገር ውስጥ አማራጭ አስሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ አለው፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ። ወር ጠብቆ አንዴ የሚበዛ፣ ቀሪውን ጊዜ የሚተኛ ሥራ ከሆነ ግን የሰዓት ኪራዩ አሁንም ያዋጣል። የሙከራ ማሽኖቻችሁን ማታ ማታ አጥፉ።

ጥያቄ፦ ክላውድ ላይ ካለ ባክአፕ ያስፈልጋል?

አዎ። መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ኩባንያ ዳታ ሴንተር በእሳት ጠፋ። ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ሰዎች ዳታቸውንም ባክአፓቸውንም አጡ። ሌላ ከተማ አስቀምጡ፤ በሦስት ወር አንዴም መልሳችሁ ጫኑት። ተጭኖ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኢንቴግሬሽን መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

እንኳን መጣሽ፤ ሰው በጣም ያስፈልገናል። ሰርተፍኬቱ ይቆይሽ። መጀመሪያ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋውን ኤስኪውኤል፣ ከዚያ ድረ ገጾች መልእክት የሚለዋወጡበት ኤችቲቲፒ እንዴት እንደሚሠራ። ከዚያ በራስሽ ላፕቶፕ ይህን ሥሪ።

ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ጻፊ፤ አንዱ የሱቅ ሽያጭ፣ አንዱ ስቶር። ሽያጩ በተሸጠ ቁጥር ለስቶሩ መልእክት ይላክ። ቀጥሎ መሃላቸው ወረፋ አስገቢ፤ ራቢትኤምኪው የሚባል የወረፋ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ወረፋ እንደ ፖስታ ሣጥን ነው፤ ተቀባዩ ባይኖርም ደብዳቤው ይቀመጥለታል። የክላውድ ነፃ አካውንት ከከፈትሽም የወጪ ገደብ ማስጠንቀቂያውን በመጀመሪያው ቀን አብሪው፤ የአካውንቱን ቁልፍ ደግሞ ኮድሽ ውስጥ አትጻፊ።

አሁን 100 ሽያጭ ላኪ። በመሃል ስቶሩን ግደይው። መልሰሽ አስነሺው። መሃል ያለውንም ወረፋ አንዴ አጥፍተሽ አብሪ። ሲያልቅ ስቶሩ ላይ ስንት እንደደረሰ ቁጠሪ። 97 ከሆነ የት እንደጠፉ ፈልጊ፣ 104 ከሆነ ለምን እንደተደገሙ። 100 እስኪሆን ድረስ አትተይው፤ ሲሆንልሽ ጻፊልኝ።