መልስ፦ ልጄ ጅማ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ክበብ ሁሉ ካልገባሁ አለች፣ ምን ላድርግ?

ሁለት ብቻ ትያዝ። መስከረምን ሁሉንም ትሞክር፤ ከጥቅምት ጀምሮ ግን አንድ የሜዳ፣ አንድ የቤት ውስጥ መርጣ ትጽና።

እንዲህ የምልሽ በጅማ ዝናብ ምክንያት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሜዳው ደረቅ ስለሆነ የዶርም ለዶርም ኳስና ሩጫ የሚደምቀው ያኔ ነው። ከመጋቢት ወዲያ ዝናቡ ይመለሳል። ሜዳው ይጨቀያል፣ ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ይረዝማል። ያን ጊዜ ድራማ ወይም ሚኒ ሚዲያ ያላት ልጅ አይከፋትም። ሌላዋ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ቤቷን ታስባለች።

በነገራችን ላይ ተጨማሪ የዩኒፎርም ሸሚዝና ካልሲ ላኪላት። በዝናቡ ወራት በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ በማግስቱም እርጥብ ነው፤ አንገትጌውና ኪሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርቀው።

ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ሆኜ ካየሁት አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙዎቹን ልጆች የቤት ናፍቆት የሚከብዳቸው መስከረም ላይ አይደለም፤ ከሴሚስተር እረፍት ሲመለሱ ነው። የእናታቸውን ቤት እንደገና ለምደው ይመጣሉ። የዚያን ሳምንት ልጅሽ ደውላ ብታለቅስ «ከፈለግሽ ነይ» አትበያት። አረጋግተሽ አዳምጫት፣ ከዚያ ለፕሮክተሯ ደውለሽ በልታ እንደሆነና ከማን ጋር እንደምትውል ጠይቂ።