ለሰሜን ሸዋ ሴት ልጆች፦ ስለ ብጉርና ስለ ኪሎ

ልጆቼ፣

«ፊት የሚያጠራ ቅባት አለ?» ብላችሁ መድኃኒት ቤት ስትገቡ፣ ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ ሦስት አራት የተጀመረ ቱቦ አላችሁ። አንዱ ለሁለት ሳምንት ተቀብቶ ለውጥ ሲጠፋ ተጥሏል፤ ሌላውን ጓደኛ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብላ ሰጥታችኋለች። ገንዘባችሁ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ብቅ ያለ ብጉር ከቆዳው ሥር መቋጠር የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው መድኃኒት እንኳ ውጤቱ የሚለየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሲቆይ ነው። በወር አሥር ኪሎ ያስቀንሳል እየተባለ የሚሸጠውን ስትገዙም ኪሳራው ያው ነው።

ከምትገዙት በፊት የምትተዉትን ላስቀድም፤ መተው ገንዘብ አይጠይቅም።

ግንባሯ በብጉር የተሞላ ልጅ ስትመጣ ከፊቷ በፊት መታየት ያለበት ጸጉሯ ነው። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ተቀብቶ፣ በፌስታል ወይም በሻሽ ታስሮ ሲታደር፣ ቅቤው በሰውነት ሙቀት ቀልጦ ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ ይወርዳል፤ ወዝ የሚወጣበትን ቀዳዳም ይደፍናል። ምልክቱ አይደበቅም፦ የጸጉርን መስመር ተከትለው የተደረደሩ፣ ብዙም የማይቀሉ፣ በጣት ሲዳሰሱ የሚሻክሩ ትንንሽ እብጠቶች ናቸው። ለሹሩባ የሚቀባ የታሸገ ቅባትም ያው ነው። ቅቤውን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት አልልም፤ የደብረ ብርሃንና የመንዝ ብርድ ጸጉርን ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ብቻ ከጸጉሩ መነሻ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብላችሁ፣ ይልቁንም ወደ ጫፉ ተቀቡት። ሻሹን ግንባር ላይ አታውርዱት። ሁለት ሦስት ሰዓት አቆይታችሁ ታጠቡት እንጂ አትደሩበት፤ ስትታጠቡም ጸጉር ይቅደም፣ ፊት በመጨረሻ በሳሙና ይታጠብ። የትራስ ልብስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይቀየር። የግንባር ብጉር ብቻ ያለባት ልጅ ሌላ ምንም ሳትገዛ በዚህ ብቻ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ሊለቃት ይችላል።

ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ቤኪንግ ሶዳ ፊት ላይ አይደረጉም። ብጉሩን የሚያደርቁ የሚመስሉት ቆዳውን ስለሚያቃጥሉት ነው፤ በእኛ መልክ ላይ ደግሞ የተቃጠለ ቦታ ጥቁር ምልክት ትቶ ለወራት ይቆያል። ብጉሩ ቢተው ኖሮ በሳምንት ይሄድ ነበር። ማፍረጥም እንዲሁ ነው። ፊት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ለገላ በሚሆን ለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ በልብስ ሳሙና አይሆንም። አራት አምስት ጊዜ የሚታጠብ ፊት ይደርቃል፣ ይቆጣል፣ የሚቀባውን መድኃኒትም አይችልም።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «ማድያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል» ተብለው በየሱቁና በየገበያው የሚሸጡ ክሬሞች አሉ። ጀርባቸውን አንብቡ፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተአምር ይመስላሉ፤ ብጉሩ ይከስማል፣ ፊቱ ይቀላል። ወር ሁለት ወር ሲያልፍ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ጉንጭና አገጭ ላይ ጸጉር ይበቅላል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መጠን ያለው ደቃቅ ቀይ ብጉር ይወጣል። ሲተዉት ፊቱ ይለበልባል፤ ስለዚህ ተመልሶ ይቀባል፣ ከዚያ መውጫ የለም። ለወራት ስትቀቡት የቆያችሁ ካላችሁ በአንድ ቀን አትወርውሩት፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ባለሙያ እያየው ይቀነስላችሁ። ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ በትንሽ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ምን እንደያዘ የሚያውቀው ቀላቃዩ ብቻ ነው፤ አትንኩት።

የሚገዛው መድኃኒት አንድ ይሁን። ቀይና መግል ለያዘ ብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። 2.5 በመቶውና 10 በመቶው በውጤት ብዙ አይበላለጡም፣ በማቃጠል ግን ይበላለጣሉ፤ ካገኛችሁ 2.5፣ ካጣችሁ 5 ውሰዱ። ማታ ፊታችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የአተር ፍሬ የምታህል አውጡና ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ነካ ነካ አድርጋችሁ በስሱ አዳርሱት። ብጉሩ ላይ ብቻ መለጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዋና ሥራው ገና የሚወጣውን ማስቀረት ነውና። የዓይን ዙሪያ፣ የአፍንጫ ጎንና የከንፈር ጥግ አይነካ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን እየዘለላችሁ ተጠቀሙ፤ ከተቆጣ 10 ደቂቃ አቆይታችሁ ታጠቡት። በዚህ መጠን 30 ግራም ቱቦ ሁለት ወር ገደማ ያደርሳል። እጃችሁን ሳትታጠቡ ነጠላችሁን አትንኩ፤ ጨርቅ ያነጣል፣ የቀሚስ ጥለት ላይ ካረፈ ቀለሙ አይመለስም።

ጥቁር ነጥብና ያልቀላ ደቃቅ እብጠት የበዛባት ልጅ አዳፓሊን 0.1 በመቶ የሚባለው ቅባት ይሻላታል። እሱም የአተር ፍሬ ያህል፣ ማታ ብቻ፣ ፊት ከደረቀ 20 ደቂቃ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ወር ብጉሩ የባሰበት ሊመስል ይችላል፤ አብዛኞቹ የሚያቆሙትም ያኔ ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች አዳፓሊንንም፣ የእሱ ወገን የሆነውን ትሬቲኖይንንም አትጠቀም። ክሊንዳማይሲን የሚባለው የአንቲባዮቲክ ቅባት ብቻውን አይወሰድም፤ ጀርሙ በቶሎ ይለምደዋል፣ ከቤንዞይል ጋር ነው የሚሄደው። የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ዶክሲሳይክሊን በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር አያልፍም፣ ለእርጉዝ አይሆንም። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡት፣ ውጣችሁም ወዲያው አትተኙ፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግንባር፣ ደረትና ጀርባ ላይ አንድ ዓይነት መጠን ያለው፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ከሆነ ብጉር ሳይሆን ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ በሙቀትና በላብ፣ ወይም አንቲባዮቲክ ለረዥም ጊዜ ከተወሰደ በኋላ ይመጣል። የብጉር መድኃኒት አያድነውም። ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ሻምፑ ቦታው ላይ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ነው የሚረዳው፤ ፊት ላይ ሲሆን ዓይን ውስጥ እንዳይገባ።

ደረቅ ቆዳ ያላት ግሊሰሪን ትጠቀም፤ ንጹሑን ሳይሆን አንድ እጅ ግሊሰሪን በሦስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣ። ለሦስት አራት ቀን የሚበቃ ብቻ ይዘጋጅ፤ ሲቆይ ይበላሻል። ፀሐይን ደግሞ አትናቁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳ የሚያጠቁረው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ስለሚያታልል ፀሐዩ አይሰማም እንጂ የብጉርን ጥቁር ምልክት የሚያሰነብተው እሱ ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም መግዛት ካልተቻለ ጃንጥላ ይረዳል፤ በተለይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት።

ወደ ኪሎ እንሂድ። በቅድሚያ መቀነስ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ እወቁ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት ከ47 እስከ 64 ኪሎ ድረስ ጤናማ ነች። 55 ኪሎ ሆና «ወፍሬያለሁ» የምትል ልጅ መቀነስ የለባትም፤ ቢበዛ ሰውነቷን ማጠንከር ነው። ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ፤ ሳትወጥሩ፣ በእምብርት ትክክል፣ አየር አስወጥታችሁ ለኩ። ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቦርጩ ይታሰብበት።

ከዚያ ወደ ማድቤት ግቡ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ 65 ኪሎ የምትመዝን ሴት ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብላ ስትራመድ የምታቃጥለውም እንደዚያው ነው። ከጀሪካኑ በዓይን ግምት የሚፈስ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት ደግሞ አምስት ማንኪያ ይሆናል። ስለዚህ ወጡ ሳይስተካከል በመራመድ ብቻ መክሳት ከባድ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደረቁ አቁላሉት፤ እሳቱ መለስተኛ ይሁን፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ አድርጉ። ቡናማ ሲል በርበሬውን ጨምሩና በውሃ እየከለሳችሁ አብስሉት። ዘይቱን በኋላ፣ በማንኪያ ለክታችሁ፣ ለአራት ሰው ሁለት ማንኪያ አግቡ። እሳቱ ከበዛ ሽንኩርቱ ያርራል፣ በርበሬው ይመራል፤ «ያለ ዘይት አይጥምም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ስኳር ሁለተኛው ነው፤ እሱ ለኪሎም ለብጉርም ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ 50 ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ይጨምርበታል። ስኳር በደም ውስጥ ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ሲያደርግ ወዝም ይበዛል። በየሳምንቱ ከያንዳንዱ ብርጭቆ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ሻዩንም ቡናውንም ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት፤ ከምግብ የሚገኘው የደም ማነስ መከላከያ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና።

ጾም ራሱ አያከሳም። እስከ 9 ሰዓት ተጹሞ መክፈቻው ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ፣ ማታ ደግሞ ዘይት የጠጣ ፍርፍር ከሆነ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። መክፈቻው ጎመንና የባቄላ ንፍሮ ይሁን፣ ከዚያ ሽሮ ወይም ምስር በግማሽ እንጀራ። አገራችን የባቄላና የገብስ አገር ናት፤ ርካሽ የሆነው ሁሉ እዚሁ አለ። አንድ ልዩነት ግን እወቁ፦ 100 ግራም የገብስ ቆሎ ወደ 400 ካሎሪ ሲጠጋ፣ 100 ግራም የባቄላ ንፍሮ 110 ገደማ ነው፤ ንፍሮው ውሃ ጠጥቷል። ቆሎ በኪስ ሙሉ እየተቆረጠመ «ዛሬ ምንም አልበላሁም» ይባላል። አንድ ጭብጥ ይበቃል፣ ኦቾሎኒና ሱፍ ከተቀላቀለበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በሶም ያለ ስኳር ጥሩ ነው፤ በቅቤና በስኳር ሲታሽ ግን ሌላ ምግብ ነው።

እግራችሁን በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ማውራት የምትችሉበት ግን መዝፈን የማትችሉበት ፍጥነት አራምዱት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት መውጣት አያስፈልግም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ከጓደኛ ጋር ይሻላል። በሳምንት ሦስት ቀን ከበርጩማ ላይ ያለ እጅ ድጋፍ አሥር ጊዜ ተቀምጦ መነሳት፣ ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መግፋት፣ ይህን ሦስት ጊዜ መደጋገም። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሳችሁ በቂ ነው። የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት ውሃ ስለሚይዝ አንድ ሁለት ኪሎ ይጨምራል፤ አትደንግጡ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ብቻ ተመዘኑ። በምግብ እጦት በፍጥነት የከሳች ልጅ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ጸጉሯ ይረግፋል፣ የወር አበባዋም ሊቆም ይችላል። የሚያስቀምጥ ሻይና ኪኒን፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ ኮሶ የሚያወጡት ውሃና ጨው ነው፤ ስቡ እዚያው ነው። ኮሶ በዝቶ ከተወሰደ መርዝ ነው።

ብጉሩና ኪሎው አብረው ከመጡ፣ የወር አበባ ከ35 ቀን በላይ እየዘገየ ወይም በዓመት ከስምንት ጊዜ በታች እየመጣ ከሆነ፣ አገጭ ላይም ጠንካራ ጸጉር ካለ፣ ነገሩ የሆርሞን ሊሆን ይችላል፤ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የእንቁላል ማምረቻ ሕመም አንዱ ነው። ለዚህ በቅባት ብቻ መተማመን ገንዘብ መጣል ነው፤ ሐኪም ይየው። የሦስት ወር መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ከጀመራችሁ ወዲህ ብጉሩ ወይም ኪሎው ጨምሮ ከሆነም ለነርሷ ንገሯት፤ ሌላ ዓይነት አለ፣ ሳትማከሩ ግን አታቋርጡ። የሚያም፣ ጠልቆ የሚቋጠር፣ ጠባሳ የሚተው ብጉርም በቅባት አይጠበቅም፤ ቶሎ የቆዳ ሐኪም ይየው። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ፣ ስሙን የምታፍሩበትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ያለፉትን ሦስት ወራት የወር አበባ ቀናት በወረቀት ጻፉ፤ በዚያን ቀን ጠዋት ፊታችሁን በውሃ ብቻ ታጠቡ፣ ፓውደርም ቅባትም አታድርጉበት።