መልስ፦ የተበላሸ ሜሞሪ አስመስሎ ሊኑክስን ስለመፈተን

ወንድሜ፣ አንድ ፔጅ (ሜሞሪ የሚከፋፈልበት ቁራጭ) እንደተበላሸ አስመስለህ ሊኑክስን ልትፈትን ስትል የፔጁ ቁጥር ለምን 0 ብቻ እንደሚመጣብህ ጠይቀሃል። የፔጁን ቁጥር ከፔጅማፕ (የፕሮግራምህ ፔጆች በሜሞሪው ላይ የት እንዳሉ ከሚያሳየው ፋይል) ስታነብ 0 ብቻ የሚመጣብህ ያለ ሩት (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ ስለምታነብ ነው፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሆን ብሎ ይሸፍነዋል። ያንን 0 ወስደህ ቁጥሩ የተጻፈበትን ፔጅ እንደተበላሸ ወደሚያስቆጥረው የከርነሉ የመፈተኛ ፋይል እንዳትጽፍ፣ የራስህን ፔጅ አይደለም የምትመታው።

ለአንተ ሥራ ማድቫይዝ (madvise፣ ስለ ሜሞሪ አያያዝ ለከርነሉ የሚነገርበት ጥሪ) ይሻላል፤ ቁጥር መፈለግ አያሻም። በኤምማፕ (mmap፣ ሜሞሪ መጠየቂያ ጥሪ) 4096 ባይት ያዝና መጀመሪያ ጻፍበት፤ ካልጻፍክበት የምታገኘው ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጋሩትን በዜሮ የተሞላ ፔጅ ነው። ከዚያ በሩት ሆነህ ማድቫይዝን በኤችደብሊውፖይዝን (MADV_HWPOISON፣ ፔጁን እንደተበላሸ የሚያስቆጥር ትእዛዝ፤ እሴቱ 100) ጥራው። ኢኢንቫል (EINVAL፣ «የማይሆን ጥያቄ» የሚል ስሕተት) ከመለሰልህ ከርነሉ ያለ ሜሞሪ ፌይለር (የተበላሸ ሜሞሪን የመያዝ) ድጋፍ የተገነባ ሊሆን ይችላል። ከተሳካ፣ ፔጁን ስትነካው ሲግባስ (SIGBUS፣ ከርነሉ ለፕሮግራሙ የሚልከው የሜሞሪ ስሕተት ምልክት) ይመጣል። ንጹሕ የፋይል ፔጅ (ከዲስኩ ቅጂ ያልተለወጠ) ከሆነ ግን ከርነሉ ጥሎት ከዲስክ እንደገና ስለሚያነበው ምንም አይታይህም። ብዙ ሰው «አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

እዚያው አዳማ፣ ተማሪ ሁሉ በሚጋራው የላብ ሰርቨር ላይ ግን እባክህ አትሞክረው፤ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር) አስነሳ።