ኪዩቡን በስንት እንቁረጠው? ስለ ፖሊቶፕ ክፍፍል ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ሴጅማዝና መሰሎቹ ነፃ የሒሳብ ሶፍትዌሮች የምትጠይቁኝ በዝቷል። ፖሊቶፕ የሚባለው እንደ ኪዩብ በጠፍጣፋ ገጾች የታጠረ ቅርጽ ነው፤ ዳይሜንሽኑ ከሦስት ሊበልጥም ይችላል። ዞሮ ዞሮ ጥያቄው አንድ ነው፦ እሱን ለመቆራረጥ "የቱ አልጎሪዝም ይሻላል?" የደረሱኝን እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ትሪያንጉሌሽንን (ቅርጽን ባለ ሦስት ማዕዘን ገጽ ወደሆኑ ቁራጮች መከፋፈልን) በቀላሉ እንዴት ላስረዳ?

ሳሙና ይያዙ። እውነቴን ነው። የልብስ ሳሙና በኪዩብ ቅርጽ ይቁረጡና አንድ ጫፍ ይምረጡ። ያ ጫፍ በጠርዝ የሚገናኛቸው ሦስት ጎረቤቶች አሉት። ቢላው በሦስቱ ጎረቤቶች በኩል ይለፍ። ተቆርጦ የሚወድቀው ማዕዘን የሳሙናው አንድ ስድስተኛ ነው። እርስ በርስ በጠርዝ በማይገናኙ አራት ጫፎች ላይ ይህንኑ ይድገሙ። መሐል ላይ አንድ ወፍራም ቴትራሄድሮን (ባለ አራት ገጽ ቁራጭ) ይቀራል፤ እሱ አንድ ሦስተኛ ነው። በድምሩ 5 ቁራጭ።

አሁን ሌላ ሳሙና ያንሡ። ከአንድ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ጫፍ በሚሄደው ሰያፍ ዙሪያ ቢቆርጡት ደግሞ ይዘታቸው እኩል የሆነ 6 ቁራጭ ይወጣል። አዲስ ጫፍ ሳንጨምር ኪዩብ በጠቅላላው 74 አቆራረጥ አለው። ማዞርና ማገላበጥን እንደ አንድ ከቆጠርን 6 ብቻ ይቀራሉ። ከሦስት ዳይሜንሽን በላይ ቁራጩ ሲምፕሌክስ ይባላል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ 5ቱ አይሻልም? ቁራጭ ሲያንስ ሥራው ይቀላላ።

ለአንድ ኪዩብ አዎ። ብዙ ኪዩብ ስትደረድሪ ግን በ5 የተቆረጡ ሁለት ጎረቤቶች የጋራ ገጻቸው ላይ ሰያፋቸው ይጣላል። አንዱን ገልብጠሽ መቁረጥ አለብሽ። የ6ቱ አቆራረጥ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተቆረጠ ያለ ምንም ጣጣ ይገጥማል።

ጥያቄ፦ የፈለግኩት ይዘት ብቻ ነው። ሴጅ (ሴጅማዝ) ላይ የሚያሰላውን ፕሮግራም በሚወስነው "ኢንጂን" በሚለው ምርጫ ምን ልሙላ?

መጀመሪያ ምንም አትሙላ፤ ራሱ ይምረጥ። ቡና አፍልተህ ጠጥተህ ስትመለስ አሁንም ካልጨረሰ ግን ቅርጽህን እየው።

በ10 ዳይሜንሽን ሁለት ቅርጾች እንውሰድ። ክሮስ ፖሊቶፕ (በሦስት ዳይሜንሽን ባለ 8 ገጹ ኦክታሄድሮን የሚሆነው) 20 ጫፍና 1,024 ገጽ አለው። ኪዩቡ ተገላቢጦሹ ነው፤ 20 ገጽና 1,024 ጫፍ። የመጀመሪያው በ512 ሲምፕሌክስ ተቆርጦ ያልቃል። ኪዩቡ ግን በዚያው በሰያፍ ዙሪያ በሚቆረጥበት መንገድ 3,628,800 ይሆናል። ኮምፒውተርህ የሚያቃስተው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጫፉ ጥቂት ከሆነ ቁረጥ። ገጹ ጥቂት ሆኖ ጫፉ የበዛ ከሆነ መቁረጡን ተወው፤ በ1991 የወጣው የሎውረንስ ቀመር ይሻልሃል። ከእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ ቁጥር እያሰላ ይደምራል፤ ለኪዩባችን 1,024 ቁጥር ማለት ነው። አንድ አመል ግን አለበት፦ ከሚደመሩት ቁጥሮች አንዳንዶቹ ኔጋቲቭ ስለሆኑ በነጥብ ቁጥር (በተጠጋጋ አስርዮሽ) ካሰላኸው እርስ በርስ ሲጣፉ መልሱ ይበላሻል። በክፍልፋይ አስላው።

ለሁሉም የሚሆን አንድ መንገድ አትፈልግ። ቡይለር፣ ኤንገና ፉኩዳ በ2000 ባወጡት ጥናት ዘዴዎቹን ጎን ለጎን አወዳድረው በሁሉም ቅርጽ ላይ የሚያሸንፍ አላገኙም። ዳየርና ፍሪዝ ደግሞ በ1988 ይዘትን በትክክል ማስላት በጠቅላላው ከባድ ከሚባሉት ችግሮች ተርታ እንደሚሰለፍ አሳይተዋል። እኔ በልማድ ጫፎቹ በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር) ለተገለጹ ቅርጾች ኖርማሊዝ የሚባለውን ኢንጂን አስቀድማለሁ፤ ላቴና ኤልአርኤስ የሚባሉትን ሌሎች ኢንጂኖች ለማመሳከሪያ እይዛለሁ። ሁለት ኢንጂን አንድ መልስ ሲሰጥ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጥያቄ፦ ሳይፓይ (የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ) ላይ ዴሎኔን (በእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፎች በኩል በሚያልፈው ሉል ውስጥ ሌላ ነጥብ እንዳይገባ የሚቆርጠውን ዘዴ) ተጠቀምኩ። አንዳንድ ነጥቦቼ ጠፉ!

አልጠፉም፤ "ኮፕላነር" በሚል ዝርዝር ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔም በዚህ ጉዳይ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ከሥር የሚሠራው ኪውሃል የሚባል ፕሮግራም ነው፤ የሚያሰላውም በተጠጋጋ አስርዮሽ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ የቁራጭ ጫፍ እንዲሆን ዋስትና አይሰጥም። "ኪውጄ" የሚለውን አማራጭ ብትጨምሪ ነጥቦቹን በጥቂቱ ነቅነቅ ያደርግና ሁሉንም ያስገባል። ለምህንድስና ሥራ ይበቃል። ለማረጋገጫ ግን አይሆንም፤ የቆረጥሽው የራስሽን ሳይሆን የተነቀነቀውን ቅርጽ ነውና።

ደግሞ የኪዩብ 8 ጫፎች በሙሉ አንድ ሉል ላይ ስለሚያርፉ ለነሱ አንድ ብቻ የሆነ ዴሎኔ የለም። ኢንቲጀር ነጥብ ካለሽ ፖሊሜክ ወይም ቶፕኮም የሚባሉትን ፕሮግራሞች ውሰጂ።

ጥያቄ፦ "ፕሌሲንግ" ሲባል?

የመቁረጫ ዘዴ ነው፤ ነጥቦቹን በተራ ታስገባለህ። አዲሱ ነጥብ እስካሁን ከተሠራው ቅርጽ ላይ የሚያያቸውን ገጾች ሁሉ ከራሱ ጋር ያያይዛል። ተራውን ብትቀይር ውጤቱም ይቀየራል። ፈጣን ነው፤ አንድ ትሪያንጉሌሽን ብቻ ከበቃህ ከዚህ አትራቅ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም መዘርዘር ብፈልግስ?

ለምን? ይህን የምልህ ስለምቀና አይደለም። የ4 ዳይሜንሽን ኪዩብ ብቻ 92,487,256 አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደው ትንሽ ለውጥ "ፍሊፕ" ይባላል፤ ዘርዛሪዎቹም በብዛት ፍሊፕ እያደረጉ ይሄዳሉ። ግን በፍሊፕ ሁሉም ጋ ይደረሳል ማለት አይደለም። ሳንቶስ በ2000 በ6 ዳይሜንሽን 324 ነጥቦች ደርድሮ፣ የትሪያንጉሌሽኖቻቸው መረብ የተቆራረጠ መሆኑን አሳይቷል። ሴጅ ሳትነግረው ከመደበኞቹ (ነጥቦቹን አንድ ዳይሜንሽን ከፍ አድርጎ የታችኛውን ገጽ በማየት ከሚገኙት) ተነሥቶ በፍሊፕ የሚደረስባቸውን ብቻ ይዘረዝራል። የምር ሁሉንም ካልክ ቶፕኮምን ጥራ።

ጥያቄ፦ ጠራሁት፤ የለም አለኝ።

ከሴጅ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ይጫናል።

ጥያቄ፦ ቅርጼ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ይሠራልኛል?

እዚህ ያሉት ሁሉ ለጉድጓድ አልባ ቅርጽ ናቸው። የጎደጎደው ላይ ነገሩ ይጠምማል፤ ሾንሃርት በ1928 አዲስ ጫፍ ካልጨመርክበት በጭራሽ የማይቆረጥ ባለ 6 ጫፍ ቅርጽ አሳይቷል። ቅርጽህን መጀመሪያ ጉድጓድ ወደሌላቸው ክፍሎች ለያይና ከዚያ ተመለስ።